ጀሞ ኮንዶሚኒየም ልትከራዪ ላሰብሽው እህቴ

«ከፒያሳ ልንነሳ ነው፤ ጀሞ ባለ ሁለት መኝታ ልንከራይ አስበናል፤ ሥራችን ሜክሲኮ ነው፤ ሕፃን ልጅ አለን፤ ሰፈሩ እንዴት ነው?» ብለሽ ለጠየቅሽው ነው የምመልስልሽ። ከላይ አንዱ «አሪፍ ሰፈር ነው» ብሎሻል፣ ሌላዋ «ውሃ የለም» ብላሻለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኔ በ2012 ከአራት ኪሎ ተነስቼ የ8 ወር ልጅ አዝዬ ነው ጀሞ የገባሁት። ያንቺን ጥያቄ ሳነብ የራሴን ያነበብኩ ነው የመሰለኝ። ስለዚህ ትንሽ ረዘም ይልብሻል፣ ታገሺኝ።

1. ቤቱን ከማየትሽ በፊት ስለ ውሃ ጠይቂ። ደላላውን አይደለም፣ አከራዩንም አይደለም። የብሎኩን ጥበቃ ወይም ምድር ላይ ሱቅ ያላትን ሴት ጠይቂ። «በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» ብለሽ ብቻ አትመለሺ። «አራተኛ ፎቅ ይደርሳል ወይ?» በይ። ብሎኮቹ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ናቸው፣ አሳንሰር የለም። ግፊቱ ሲደክም ውሃው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይቀራል።

እኔ ቤቱን ያየሁት ፈረቃው በደረሰበት ቀን ነበር። ቧንቧውን ከፈትኩት፣ ጥሩ አድርጎ ወረደ። ቀለሙ አዲስ፣ ሴራሚኩ ንጹሕ፣ በረንዳው ፀሐይ የሚገባበት። አራተኛ ፎቅ ነው፣ አየሩ ደስ ይላል። የዚያኑ ቀን የ6 ወር ከፈልን። ከገባን በኋላ ያ ቧንቧ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የመጣልን፣ ሁለቱም ሌሊት 9 ሰዓት ላይ። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ በየቀኑ አራት ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃውን ይወጣ ነበር። እኔ የልጄን ልብስ እናቴ ቤት ወስጄ አጥቤ እርጥቡን በፌስታል ይዤ እመለሳለሁ። አከራይዋ ሮቶ በረንዳ ላይ እንዳናስቀምጥ ከለከለችን። እዚህ ላይ አልፈርድባትም፣ ሙሉ ሮቶ ከባድ ነው፣ ለበረንዳውም ያሰጋል። የምፈርድባት በሌላ ነገር ነው።

2. ውሉ ላይ የሚጻፈው የምትከፍዪው ገንዘብ ይሁን።

ይቺን ቁጥር ሁለት ብዬ ልለፋት አልችልም። ከሁሉም በላይ ያቃጠለችኝ እሷ ናት። የተስማማነው በወር 7,500 ብር ነበር። ስንፈራረም ሴትየዋ «ግብር ስለሚበዛብኝ ወረቀቱ ላይ 4,000 ይጻፍ፣ መቼም እንተማመናለን» አለችን። ደላላውም «ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለ። እኔ ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የሰው ወረቀት ሳስተካክል ነው የምውለው። ልጄ ግን ታለቅስ ነበር፣ አራት ኪሎ ያለው ቤታችንም የሚለቀቅበት ቀን ደርሶብን ነበር። ፈረምኩ። 45,000 ብር በእጇ ቆጥረን ሰጠናት።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ የውሃው ነገር ሲበዛብን «እንለቃለን፣ የቀሪውን 4 ወር መልሺልን» አልናት። 30,000 ብር መሆኑ ነው። ውሉን አወጣችና «የ4 ወር 16,000 ነው» አለች። አልተከራከረችም፣ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። ወረቀቱን ብቻ በጣቷ አሳየችን። 14,000 ብራችን እዚያ ቀረ። በዚያን ጊዜ ከአንድ ወር ደመወዜ ይበልጥ ነበር።

አቤት ልል አንድ ቢሮ ሄድኩ። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። መጀመሪያ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ነው ተባልኩ፣ ሁለተኛው ቀን ሲስተም የለም ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን የተቀበለኝ ልጅ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «ስትፈርሚ ማንበብ አትችይም ነበር?» አለኝ። ልጅ አዝዬ ነው የቆምኩት፣ ወንበርም አልሰጠኝም። ወረቀቱ ከሚለው ውጭ ሊሄድ እንደማይችል ይገባኛል። ያቺን አነጋገሩን ግን እስከዛሬ አልረሳኋትም።

አንቺ ከእኔ የተሻለ መከላከያ አለሽ። ከ2016 ወዲህ የቤት ኪራይ አዋጅ ወጥቷል፣ ቁጥሩ 1320 ነው። ውሉ ቢያንስ 2 ዓመት ነው። ቅድመ ክፍያ ከ2 ወር በላይ መጠየቅ አይቻልም። በ30 ቀን ውስጥም መመዝገብ አለበት። አሁንም «ወረቀቱ ላይ እንቀንሰው» የሚሉ አሉ። «ልዩነቱን በእጅ ስጪኝ» ካሉሽ ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር ቦርሳሽን አንስተሽ ውጪ። ክፍያሽን በባንክ አድርጊ፣ ደረሰኙንም አትጣዪ።

3. ትራንስፖርት። ሜክሲኮ ከሆነ ሥራሽ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከወጣሽ ደህና ነው። ከ1 ሰዓት በኋላ መካኒሳ ላይ ትቆሚያለሽ። ማታ የሜክሲኮው ሰልፍ ረጅም ነው፣ ለልጁ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ይኑርሽ። ኅዳር 12 እና ሰኔ 12 የጀሞ ሚካኤል ንግሥ ነው፣ ያን ቀን በመኪና ለመንቀሳቀስ አታስቢ።

ይሄን ሁሉ ካልኩሽ በኋላ ለምን ጀሞን አልለቀቅሽም ትዪኝ ይሆናል። ሁለተኛውንም ቤት የተከራየሁት እዚሁ ጀሞ ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ። እዚህ የሚኖረው ሰው ልክ እንደኛ ከመሀል ከተማ የተነሳ ነው፤ ከልደታ፣ ከካሳንቺስ፣ ከአራዳ። ዕጣ የደረሰው ብዙው ቤቱን አከራይቶ የባንክ ዕዳውን ይከፍላል፣ የሚኖርበት ተከራይ ነው። ስለዚህ ማንም ማንንም «መጤ» አይለውም። አራት ኪሎ የተውኩት እድር በጣም ነበር ያሳዘነኝ። እዚህ ግን ጎረቤቴ አባቷ ባረፉ ጊዜ ኮሚናሉ (የነዋሪው የጋራ ቤት) ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ወጥ የሠራነው ከሦስት ብሎክ የመጣን ሴቶች ነን። የግማሾቹን ስም ያወቅኩት በዚያች ሌሊት ነው። የፋሲካ ቅርጫችንንም እዚያው ነው የምናርደው።

ውሃውንም ቢሆን ቁጭ ብለን አልጠበቅንም። የባለቤቶቹ ማህበር ስብሰባ ላይ «ተከራይ ድምፅ የለውም» ብለውኝ ነበር። ድምፁ ይቅርብኝ፣ ሂሳቡን ልያዝላችሁ አልኳቸው። በየቤቱ 1,800 ብር አዋጥተን ምድር ላይ ትልቅ ሮቶና ፓምፕ አስገባን። የእያንዳንዱን ቤት ክፍያ በደብተር የያዝኩት እኔ ነኝ፣ አንድ ብር አልጎደለም። አሁን አራተኛ ፎቅ ያሉት ሕፃናት ማታ ማታ ይታጠባሉ። የመጀመሪያዋ አከራዬ ብሎክ እስካሁን ፓምፕ የለውም።

ቤት ልታዪ ስትመጪ እሑድ አትምጪ። እሑድ ሁሉም ነገር ያምራል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከሥራ በኋላ፣ ያንን ሰልፍ ተሰልፈሽ፣ ልጅሽን አዝለሽ ነይና ደረጃውን በእግርሽ ውጪ። ከዚያ መታጠቢያ ቤቱን ክፈቺና ባልዲዎቹን ቁጠሪ። የለቀቀው ተከራይ ብዙ ባልዲ ጥሎ ሄዶ ከሆነ ምንም ሳትጠይቂ ተመለሺ። ጀሞ 1 ከሆነ የምታዪው ቀኑን ጻፊልኝ፣ ከሥራ ስመለስ አብሬሽ እገባለሁ።