«ድንጋዩ ሰው ሠራሽ ነው» ብዬ ልንገራት?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። በጥር ላገባ ነው። እጮኛዬ ስልኳ ላይ የአልማዝ ቀለበት ባየች ቁጥር ዓይኗ እዚያው ይቀራል። ዋጋውን ጠይቄ ዝም አልኩ። ጓደኛዬ «አልማዝ የሚመስለውን ሰው ሠራሽ ድንጋይ፣ ሞይሳናይትን፣ አድርግላት፣ ማንም አይለየውም» ይለኛል። እናቴ ደግሞ «የውሸት ድንጋይ ይዘህ ሽማግሌ ፊት እንዳትቆም» ትላለች። ውሎ አድሮ ይደበዝዛል እንዴ? ለእሷስ ልንገራት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ! እኔም የጅማ ልጅ ነኝ። አባቴ መርካቶ ወርቅ ሲያቀልጥ ወናፍ እየነፋሁ ነው ያደግኩት።

እናትህ የፈሩት ከመስታወት የሚሠራውን ፈርጥ ይመስለኛል። እሱማ ትንሽ ቆይቶ ይጫጫርና ውበቱ ይጠፋል። ግን ሰው ሠራሽ ፈርጥ ሁሉ አንድ አይደለም። ርካሹ ኪዩቢክ ዚርኮኒያ ነው። አዲስ ሲሆን ልብ ይሰርቃል። በድንጋይ ጥንካሬ መለኪያ ግን ከ8 ብዙም አያልፍም፤ አልማዝ 10 ነው። በየቀኑ ከተደረገ ጠርዙ እየተበላ ይሄዳል። ለጆሮ ጌጥ ይሁን፣ ለቃል ኪዳን ቀለበት ግን አልመክርህም። ሞይሳናይት 9.25 ላይ ነው። በቀላሉ አይጫጫርም፣ አይደበዝዝምም። እንዲያውም ፀሐይ ሲያርፍበት ከአልማዝ የበለጠ ቀለም ይረጫል። ይሄ በዛ የሚልም አለ፤ እኔ ደስ ይለኛል። በላብራቶሪ የተሠራ አልማዝ ደግሞ ያው አልማዝ ነው፣ አለቀ። ከመሬት ከወጣው ይረክሳል እንጂ ለሠርግ ለሚዘጋጅ ኪስ አሁንም ይከብዳል። አንተ ሞይሳናይቱን ውሰድ።

«ማንም አይለየውም» የሚለው ጓደኛህ ግማሽ እውነት አለው። የተፈጥሮውን ሞይሳናይት እ.ኤ.አ. በ1893 አሪዞና ውስጥ ከሰማይ በወደቀ አለት ላይ ያገኘው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሄንሪ ሟሳን ራሱ መጀመሪያ አልማዝ መስሎት ነበር። በሙቀት የሚሠራው የአልማዝ መመርመሪያም ይሸወዳል። ነገር ግን ዘንበል አድርጎ በማጉያ መነጽር ላየው ባለሙያ የኋላ ጠርዞቹ ድርብ ሆነው ይታዩታል። እጮኛህ ነገ ቀለበቱን ለማስጠበብ ወርቅ ቤት ትሄዳለች። ከዚያ ሰውዬው «እህቴ፣ ይሄ እኮ አልማዝ አይደለም» ቢላትስ? አሁኑኑ ንገራት፣ ሳትገዛ። ከቻልክ አብራችሁ ምረጡ። የውሸት የሚሆነው ድንጋዩ በራሱ ስም ሳይጠራ ሲቀር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ብር የሚፈሰው እዚህ ጋ ነውና። ወርቅ በግራም ነው የሚሸጠው። ቀለበቱ ከነፈርጡ ሚዛን ላይ ከወጣ ድንጋዩን በወርቅ ዋጋ ገዛኸው ማለት ነው። 6.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ዚርኮኒያ ወደ 0.3 ግራም ይመዝናል፤ ያው ስፋት ያለው ሞይሳናይት ከ0.2 ግራም ትንሽ ያንሳል። ኢምንት ትመስላለች፤ በዛሬ የወርቅ ዋጋ ግን ቀልድ አይደለችም። ስለዚህ ፈርጡ ሳይገባ መጀመሪያ ወርቁ ብቻውን ይመዘን። ቆመህ ቁጥሩን እይ። ከዚያ የድንጋዩን ዋጋ ለብቻ፣ የእጅ ዋጋውንም ለብቻ አስጽፍ። ደረሰኙ ላይም «ሞይሳናይት» ተብሎ በስሙ ይጻፍ። አንድ ቀን ልሽጠው ብትል የሚመዘንልህ ወርቁ ነው፤ ከድንጋዩ ምንም አትጠብቅ።

ወርቁ 18 ካራት ይሁን፤ ውስጡ ላይ 750 የሚል ማኅተም ፈልግ። 21 ካራት ለሐብል ያምራል፣ ግን ለስለስ ስለሚል ድንጋዩን የያዙት ትንንሽ ጥፍሮች ቶሎ ይጣመማሉ። ጥፍሮቹን በነጠላ ጠርዝ ዳሰስ አድርጋቸው። ክር ከያዙ አልተስተካከሉም፣ መልስለት።

ለሽማግሌዎቹ አትጨነቅ። እኔ እስካየሁት ድረስ የሚጠይቁት «ስንት ግራም ነው?» ብለው ነው።

ፀጉሯን ቅቤ ስትቀባና ሊጥ ስታቦካ ታውልቀው። ስብ ከሥሩ ከገባ የትኛውም ፈርጥ ይደክማል፣ አልማዝም ቢሆን። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ የዕቃ ሳሙናና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃዋል። ትዕዛዙን ደግሞ በኅዳር ስጥ። ድንጋዩ ከአዲስ አበባ ይምጣ ከተባለ ጊዜ ይፈጃል፣ ጥር ሲቃረብ ደግሞ ወርቅ ሠሪው «ነገ ና» ማለት ይጀምራል።