ወደ ደሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትነጂው እህቴ፦ መውጣቱን ሳይሆን መውረዱን ተማሪ

እህቴ፣ «ራሴ ነድቼ ደሴ መሄድ እችላለሁ ወይ?» ያልሽውን ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መንጃ ፈቃድ ካወጣሽ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖሻል፣ ከተማ ውስጥ አውቶማቲክ ቪትዝ ትነጂያለሽ፣ አሁን እናትሽንና ልጅሽን ይዘሽ ለበዓል ደሴ መሄድ አስበሻል። ቤተሰብ ደግሞ «ጣርማ በር ላይ ምን ልትሆኚ ነው፣ በአውቶቡስ ሂጂ» ይልሻል፤ ከደብረ ብርሃን አልፎ ያለውን የተራራ መተላለፊያ ማለታቸው ነው። እኔ ኮምቦልቻ ተወልጄ አዲስ አበባ የምኖር ሰው ነኝ፤ ይህን መንገድ ላለፉት 16 ዓመታት በዓመት አራት አምስት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ። ትችያለሽ። ግን ከመነሳትሽ በፊት መውረድን ተማሪ።

እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር አያስፈራሽ። በሰንዳፋ፣ በአለልቱ፣ በሸኖ አድርገሽ አብዛኛውን ሜዳ ለሜዳ ነው የምትሄጂው። ከዚያ በኋላ መኪናው ጉልበት ያነሰው ቢመስልሽ ተበላሸ ብለሽ አትደንግጪ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖረው ጉልበት ሩቡን ያህል ያጣል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ ያሳለፈው ዋሻ ጋ ስትደርሺ የፀሐይ መነጽርሽን አውልቂና መብራት አብሪ። ጉም ካለ አጭሩን መብራት ነው የምታበሪው፤ ረጅሙን ብታበሪ ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ዓይንሽ ላይ ይረጨዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከዋሻው አካባቢ ተነስተሽ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት እስክትደርሺ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ብርድ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ሙቀት ትወርጃለሽ፤ ያውም በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ፣ ጥምዝ በጥምዝ። ከኔ በፊት የመለሰልሽ ወንድም «አስፋልቱ ጥሩ ነው፣ ፍሬን እየያዝሽ ቀስ ብለሽ ውረጂ» ብሎሻል። በቅን ልብ እንደመከረሽ አልጠራጠርም፤ ምክሩ ግን አደገኛ ነው፣ እኔን ሊገድለኝ የነበረው ይኸው ነው።

2001 ዓ.ም. ነበር። የአጎቴን ዲኤክስ ይዤ፣ እናቴን ከጎኔ አስቀምጬ እየወረድኩ ነው። ነዳጅ ይቆጥባል ብለውኝ ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጌ እግሬን ከፍሬኑ ሳላነሳ እወርዳለሁ። መጀመሪያ ያወቀችው እናቴ ናት። «የሚቃጠል ጨርቅ ይሸተኛል» አለች። እኔ ከውጭ ነው አልኳት። ደብረ ሲና ልንገባ ስንል ፍሬኑን ስረግጠው እግሬ ስር ስፖንጅ ያለ ያህል ለስልሶ ወረደ፤ መኪናው ግን አልያዘም። ደጋግሜ ረገጥኩት፣ ማርሹን እንደምንም ወደ ሁለተኛ አስገባሁት፣ ሞተሩ ጮኸ፣ የእጅ ፍሬን ጨመርኩበት፣ መንገዱ ዳር ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቆመ። ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል። ቆሎ የሚሸጡ ልጆች ሮጠው መጡ፤ አንዱ ሊረዳን ብሎ የጀሪካን ውሃ ሊደፋበት ሲል ዳር ቆሞ ጎማውን ሲፈትሽ የነበረ የአይሱዙ ሹፌር ከሩቅ ጮኸበት፦ «ውሃ እንዳታስነካው! የጋለ ብረት ይሰነጠቃል!» አርባ ደቂቃ ያህል አስቀመጠን። ከዚያ ትከሻዬን ይዞ «ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ነው ቁልቁለቱን የምትወርደው» አለኝ። እናቴ እስከ ዛሬ ስሙን ሳታውቀው ትመርቀዋለች።

የሆነው ነገር ይህ ነው። ፍሬን ለረጅም ጊዜ ሲያዝ ፍሬኑ ሲረገጥ የሚጣበቀው ሸራም፣ ሸራው የሚይዘው ዲስክም ይግላል፤ ግለቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ሲደርስ ዘይቱ ይፈላል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ደግሞ ሲረገጥ ይጨመቃል እንጂ ግፊቱን ወደ ጎማው አያደርስም። የፍሬን ዘይት እየቆየ ሲሄድ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ አሮጌ ዘይት ቶሎ ይፈላል። ስለዚህ ከመነሳትሽ ሳምንት በፊት ጋራዥ ግቢ፤ ሸራው ስንት እንደቀረው አይተው ያሳዩሽ፣ ዘይቱ ከተቀየረ ሁለት ዓመት ካለፈው ይቀየር። «ደህና ነው» ብለው በአፍ ብቻ ከመለሱልሽ ጎማው ተፈቶ በዓይንሽ ካላየሁ በይ።

ስትወርጂ ማርሹን ከ«ዲ» (D) ላይ አንሺው። ቪትዝ ብዙ ዓይነት ነው፤ አንዳንዱ ኤስ እና ቢ አለው፣ አንዳንዱ 2 እና ኤል። ቢ ወይም 2 ላይ ስታደርጊው ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዝልሻል። ድምፁ ከፍ ይላል፣ አትፍሪው፣ ሥራውን እየሠራ ነው። ይህን የምታደርጊው ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ በዝግታ ላይ ሳለሽ ነው። ፍሬን ስትፈልጊ ጠበቅ አድርገሽ ትረግጫለሽ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ትለቂዋለሽ፤ እግርሽ ላዩ ላይ አይተኛ። ነዳጅ ስለመቆጠብም አትጨነቂ፤ የአሁኖቹ መኪኖች በማርሽ ሲወርዱ ነዳጁን ራሳቸው ይዘጋሉ፣ በዜሮ ማርሽ ነው ሞተሩ እንዳይጠፋ የሚበሉት። ደብረ ሲና ቆመሽ ለእናትሽ ቆሎ ግዢላት፤ እግረ መንገድሽን መዳፍሽን ወደ ቸርኬው አስጠጊ፣ ሳትነኪው። ከሩቅ የሚጋረፍ ከሆነ ቁጭ በሉና ይቀዝቅዝ።

የሚያበሳጨኝ ይህን ማሠልጠኛ ውስጥ ማንም አለማስተማሩ ነው። ሜዳ ላይ በተተከሉ ኮኖች መሃል ወደ ኋላ ማቆም ተምረን፣ አገራችን ግን ሁሉም ተራራ ሆኖ፣ አንድ ቁልቁለት ሳንወርድ መንጃ ፈቃድ ይሰጠናል።

ከሸዋ ሮቢት በኋላ መንገዱ ራሱ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግርሽ መንገድ ላይ የሚገባው ባጃጅ፣ ከብት፣ ከሚሴ አካባቢ ደግሞ ግመል ነው። ስለዚህ ጨለማ ሳይመጣ ኮምቦልቻ ግቢ፤ ከአዲስ አበባ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሺ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያወጣው የሃረጎ ዳገት ላይ የከባድ መኪና ሹፌር ፍሬቻ አሳይቶ «እለፊ» ቢልሽ እንኳ ራስሽ ካላየሽ አትለፊ። የመንገዱን ሰላም ደግሞ ከመነሳትሽ በፊት በዚያው ሳምንት የተመላለሱ የመናኸሪያ ሹፌሮችን ጠይቂ፤ ጥሩ አይደለም ካሉሽ በዓሉ ይለፍ፣ ሌላ ጊዜ ትሄጃለሽ።

አሁን ወደ መኪናሽ ውረጂና ከማርሹ ጎን የተጻፉትን ፊደላት አይተሽ ጻፊልኝ፤ ጣርማ በር ላይ የትኛው ላይ እንደምታደርጊ እነግርሻለሁ።