ማስታወቂያ ላይ «ማይክሮባዮም» ብለሽ አትፈልጊ

ጥያቄ፦ የአራተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። አማካሪዬ የመመረቂያ ጥናቴን በእርሾ ማይክሮባዮም ላይ እንድሠራ ነገሩኝ። ሳነብ ግን አንዱ «ማይክሮባዮታ» ይላል፣ ሌላው «ማይክሮባዮም»፤ ልዩነቱ አልገባኝም። የሥራ ማስታወቂያ ላይም ቃሉን አይቼው አላውቅም። ተመርቄ ቤት እንዳልቀመጥ ፈራሁ። ርዕሱን ልቀይር?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ አትቀይሪው። አማካሪሽ ጥሩ ነገር ሰጥተውሻል።

ከቃሉ እንጀምር። እቤት ያለውን ቡሃቃ አስቢ። እርሾው ውስጥ ብዙ ዓይነት ደቂቅ አካላት አብረው ይኖራሉ። ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ከፈንገስ ወገን የሆኑም አሉ። እነማን እንዳሉ በየስማቸው ስትዘረዝሪ ማይክሮባዮታ ነው። ነዋሪዎቹን ከነዘረ መላቸው፣ ከሚያወጡት አሲድና ጋዝ፣ ከሊጡ ሙቀትና ኮምጣጣነት ጋር አንድ ላይ ስታዪ ደግሞ ማይክሮባዮም ይባላል። የመጀመሪያው የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ ሁለተኛው መንደሩ ከነኑሮው።

አንዳንዶች ማይክሮባዮም ሲሉ ዘረ መሎቹን ብቻ ማለታቸው ነው። ሁለቱን ቃላት እያፈራረቁ የሚጽፉም አሉ። ግራ ያጋባሽ ይሄ ነው እንጂ ስንፍና አይደለም። ስለዚህ የጥናትሽ መግቢያ ላይ ቃሉን በየትኛው ትርጉም እንደምትጠቀሚ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ፈታኝ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።

በዚያው አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። «በሰውነታችን ያሉ ባክቴሪያዎች ከራሳችን ሕዋሳት 10 እጥፍ ይበልጣሉ» የሚል አሮጌ ቁጥር አሁንም ይዞራል። እንዳታስገቢው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ስሌት ወደ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያ ለ30 ትሪሊዮን ገደማ የሰው ሕዋስ ነው የሚለው። ተቀራራቢ ናቸው።

ትርጉሙ ለሥራሽም ይጠቅማል። የምታጠኚው ማኅበረሰብ ከሆነ አንዱን ባክቴሪያ የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ማብቀል ብቻውን አይበቃሽም። ብዙዎቹ ሳህን ላይ አይበቅሉም። ስለዚህ ከናሙናው ዲኤንኤ ይወጣል፣ ባክቴሪያዎችን ለመለየት 16 ኤስ የሚባለው ዘረ መል ይነበባል፣ ከዚያ ብዙ ሺህ መስመር ዳታ ኮምፒውተር ላይ ይመጣል። ይህን ዳታ ማንበብ የሚችል ሰው ነው የሚፈለገው። እናም ከዛሬ ጀምሪ። አር (R) የሚባለውን የስታቲስቲክስ የኮምፒውተር ቋንቋ ተማሪ። ላፕቶፕሽ ደካማ ከሆነ ጋላክሲ (Galaxy) የሚባለው ነጻ የዳታ መተንተኛ መድረክ በብራውዘር ብቻ ይሠራል። ሌሎች ተመራማሪዎች በነጻ የለቀቁትን ዳታ አውርደሽ መለማመድ ትችያለሽ፤ ላቦራቶሪ አያስፈልግሽም።

አሁን ወደ ሥራው። ብዙ ተመራቂ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። እኛ አገር ማስታወቂያ ላይ ሙያው በሌላ ስም ነው የሚወጣው። «ማይክሮባዮሎጂስት»፣ «የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ»፣ «ሞለኪውላር ላቦራቶሪ»፣ «ባዮኢንፎርማቲክስ» (የባዮሎጂ ዳታን በኮምፒውተር መተንተን ማለት ነው) እያልሽ ፈልጊ። የምግብና የመጠጥ ፋብሪካዎችን ተመልከቺ። ምርምር ከወደድሽ የብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ ሆለታ ያለው የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል አሉ። መናገሻ ባዮቴክ የሚባለው ድርጅት ደግሞ ሥር ላይ የሚኖሩና ከአየር ናይትሮጅን የሚወስዱ ራይዞቢየም ባክቴሪያዎችን ለባቄላና ለአኩሪ አተር በሕያው ማዳበሪያነት ያዘጋጃል። ይህ የሥር ማይክሮባዮም ዕውቀት ነው፤ ግን በዚያ ስም የሚጠራው የለም። ሲቪሽ ላይም «ማይክሮባዮም አጥንቻለሁ» ብለሽ አትለፊ። ዲኤንኤ አውጥተሽ፣ ዳታ አጽድተሽ፣ ግራፍ ሠርተሽ ከሆነ እሱን ጻፊው። ቀጣሪው የሚገባው ያ ነው።

ርዕሱን ግን አጥብቢው። «የእርሾ ማይክሮባዮም» ሰፊ ነው። ለምሳሌ የነጭና የቀይ ጤፍ እርሾ በአንደኛውና በሦስተኛው ቀን ምን ይለያያል ብትዪ ለአንድ ተማሪ ይበቃል።

ርዕሱን ከማስመዝገብሽ በፊት አማካሪሽን ሁለት ነገር ጠይቂልኝ። የዲኤንኤ ንባቡን ወጪ ማን ይከፍላል? ናሙናውስ የት ይሄዳል? ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ ከብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱም ጊዜ ይወስዳል። ገንዘቡ ካልተገኘ አትደንግጪ፤ ሳህን ላይ የሚበቅሉትን አንቺ አብቅለሽ፣ ሌሎች ከለቀቁት ዳታ ጋር ማወዳደር ይቻላል። ይህንን አማራጭ ራስሽ ይዘሽ ግቢ፣ እሳቸው እስኪያነሱት አትጠብቂ።