ሰንጢውን እስከ ግማሽ ክፈቱት

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው የእጅ መሣሪያ ንድፍ መማር ለጀመራችሁት ነው። አርባ ዓመት ያህል ከሞርሳና ከሞረድ ጋር ኖሬአለሁ። ስለ ንድፍ ከማንም በላይ ያስተማረኝ ግን በኪስ የሚያዝ ተጣጣፊ ሰንጢ ነው።

ወጣት ሳለሁ ወፍራም ቆዳ ልበሳ ብዬ በሰንጢ ጫፍ ስገፋ፣ ስለቱ ታጥፎ አመልካች ጣቴን ክፉኛ ቆረጠኝ። ጠባሳው ዛሬም አለ። ጣቴ ሲያገግም ሰንጢውን ፈታታሁት። ከጀርባው ያለው ሞላ የስለቱን ተረከዝ፣ ማለትም እጀታው ውስጥ የሚዞረውን ጫፉን፣ ተጭኖ ይይዘዋል እንጂ አይቆልፈውም። ተረከዙ ጠፍጣፋ ጎኖች ስላሉት ስለቱ ሲከፈትም ሲዘጋም አንዱ ጎን ሞላው ላይ ያርፋል። መሃል ላይ ግን ማዕዘኑ ሞላውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ስትከፍቱት ጣታችሁን የሚታገለው ይኸው ነው። ወደ ታች ስትቆርጡ ጉልበታችሁ ስለቱን ይበልጥ ወደ መከፈት ይገፋዋል። በጫፉ ስትወጉ ግን ከመታጠፍ የሚከለክለው ያ ሞላ ብቻ ነው።

ይህን ካያችሁ ቀሪው ታሪክ ይገባችኋል። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የስዊዘርላንድ ጦር የ1889 ሞዴል ጠመንጃ ሲይዝ፣ ወታደሩ ጠመንጃውን የሚፈታበት ካቻቪቴ አስፈለገው። ምግቡም በቆርቆሮ ይመጣ ጀመር። ስለዚህ የ1890ው የወታደር ሰንጢ አራት ነገር ያዘ፦ ስለት፣ ወስፌ፣ ቆርቆሮ መክፈቻና ካቻቪቴ። አንዱም ለጌጥ አልገባም። በኢባክ መንደር ወርክሾፕ የነበረው ካርል ኤልስነር በ1891 ለጦሩ ማቅረብ ጀመረ።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን የ1897 ሥራው ነው። መኮንኖች ቀለል ያለና ብዙ የሚሠራ ሰንጢ ይፈልጉ ነበር። ኤልስነር ሁለተኛ ትንሽ ስለትና የቡሽ መንቀያ ሲጨምር ሌላ ሞላ አልደረበም። የነበረውን ሞላ በሆዱም በጀርባውም አሠራው፤ በአንዱ ወገን ስለቱን ሲይዝ በሌላው መንቀያውን ይይዛል። ሁለት መሣሪያ ሲጨመር ሰንጢው አልወፈረም። እናንተም አዲስ ክፍል ከመጨመራችሁ በፊት፣ ካለው ክፍል ሥራ የፈታ ጎን እንዳለ ፈልጉ።

ጣቴን የቆረጠኝን ችግር ፈረንሳዮቹ በሌላ መንገድ ፈቱት። በሳቮዋ ተራሮች ጆሴፍ ኦፒኔል በ1890 ገደማ የሠራው ሰንጢ የእንጨት እጀታ፣ ስለትና ሁለቱን የሚያያይዝ ሪቬት (የብረት ችንካር) ነበረው፤ ሞላ እንኳ የለውም። ስለቱ በሰበቃ ብቻ ይያዛል። በ1955 አንገቱ ላይ የሚዞር፣ ክፍተት ያለው የብረት ቀለበት ተጨመረለት። ስለቱን ከፍታችሁ ቀለበቱን ስታዞሩት ክፍተቱ ከመንገዱ ይሸሻል፤ ስለቱም መታጠፊያ ያጣል። ሲዘጋም እንዲቆልፍ የተደረገው በ2000 ነው። እንጨቱ ሲረጥብ አብጦ ስለቱን ይነክሰዋል፤ የዚያ አገር ሰዎችም የእጀታውን ጫፍ ጠንካራ ነገር ላይ መታ አድርገው ያወጡታል። ይህን ጉድለቱን እያወቅሁ ከማውቃቸው ሰንጢዎች ሁሉ እሱን እወዳለሁ፤ ምን እንደሚሠራ አይደብቅምና።

የስዊሱ የወታደር ሰንጢ በ1961 ቀላል የአሉሚኒየም እጀታ አገኘ። በ2008 ደግሞ በአንድ እጅ የሚከፈት፣ የሚቆለፍ ስለትና መጋዝ ያለው ሆነ፤ ሲዘጋ ርዝመቱም 111 ሚሊ ሜትር ደረሰ። ቆርቆሮ መክፈቻውና ወስፌው ግን ከ1890 ጀምሮ አብረው ዘልቀዋል። የመኮንኖቹ የቡሽ መንቀያ ወደ ተራው ወታደር ሰንጢ አልገባም።

አሁን አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ማንኛውንም ሞላ ያለው ሰንጢ ያዙ፤ ጣታችሁን ከስለቱ መንገድ አርቁ። እስከ ግማሽ ክፈቱትና ከጀርባው ሞላው የቱ ጋ ብድግ እንዳለ እዩ። ከዚያ ተዘግቶ፣ ግማሽ ተከፍቶና ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሦስት ጊዜ በእርሳስ ንደፉት፤ በእያንዳንዱ ንድፍ ላይም የተረከዙ ማዕዘን የት እንዳለ በቀይ ምልክት አድርጉበት።