ጥያቄና መልስ፦ «ይህ የክርስቲያን ለቅሶ አይደለም» ስለሚለው ፍርድ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። የወንድሜ ሚስት ዳውሮ ናት፤ ቤተሰቧ በሙሉ ኦርቶዶክስ ነው። አባቷ ሲያርፉ ለለቅሶ ወደ ሀገራቸው ሄድን። ከበሮ ይመታል፣ ዲንካ የሚሉት ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ይነፋል፣ ወንዶቹ ጦርና ጋሻ ይዘው ይዞራሉ። አብረውን የሄዱት እናቶች «ይህ የክርስቲያን ለቅሶ አይደለም» እያሉ ሲያንሾካሽኩ ዋሉ፤ የቀረበውንም ቆጮ ሳይቀምሱ ተነሡ። ለልጄ ብነግራት ተቆጣች። ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ናት፤ በአንትሮፖሎጂ ትምህርት ከልቸራል ሬላቲቪዝም የሚባል ነገር እንደተማረች፣ ማንኛውም ባህል ለባለቤቱ ትክክል እንደሆነ፣ ማንም በሌላው ባህል ላይ መፍረድ እንደማይችል ነገረችኝ። እናቶቹ ናቸው ልክ ወይስ ልጄ? አርባው ደርሷል፤ ልሂድ ወይስ ልቅር?

መልስ፦ እናቴ፣ ይሂዱ። ሲሄዱም የቀረበልዎን ይብሉ። የፍትሐቱንና የተዝካሩን ሥርዓት እርስዎ ስለሚያውቁት አልመለስበትም፤ ከእናቶቹ ሹክሹክታ ሥር ያለው ነገር ግን ዝም ብዬ የማልፈው አይደለም። እዚህ ጅማ ባስተማርኩበት ጉባኤ ሁሉ ይገጥመኛል። አያቶቻችን ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ሲመጡ ሃይማኖታቸውን ይዘው መጡ፤ የሀገራቸውንም ልማድ ይዘው መጡ። እኛ የልጅ ልጆቻቸው ሁለቱን ለይተን ማየት አቃተን። የአያቴ አለባበስ፣ የአያቴ ምግብ፣ የአያቴ አለቃቀስ ሁሉ ከወንጌል የወጣ መሰለን። ከዚያ የተለየውን ስናይ «ሌላ ሀገር ነው» ማለት ሲገባን «ክርስትና አይደለም» እንላለን።

እስቲ ቡናን ያስቡ። በሰሜኑ ክርስቲያን ዘንድ ቡና እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ የእስላም መጠጥ እየተባለ ይነወር ነበር። የጠጣ ሰው ከሃይማኖቱ እንደወጣ የሚያይ ጎረቤት አይጠፋም ነበር። ያን ጊዜ «ቡና የክርስቲያን መጠጥ አይደለም» ያሉት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ጾመኞች፣ አስቀዳሾች ነበሩ። ነገር ግን በመጽሐፍ የተጻፈ አንድም ቃል አልነበራቸውም፤ የያዙት የሠፈራቸውን ልማድ ነበር። ዛሬ በሰንበት ከቅዳሴ ስንመለስ መጀመሪያ የምንፈልገው ምንድን ነው? ለቅሶ ቤት፣ ማኅበር ቤት፣ የክርስትና ድግስ ላይ ረከቦት የማይዘረጋበት አለ? ቡናው ያው ቡና ነው፤ እምነታችንም አልተለወጠም። የወደቀው እግዚአብሔር ያላዘዘው ፍርድ ብቻ ነው። ይህን ፍርድ የጣሉ ሰዎች ልጆች፣ ያውም በቡናው ሀገር በጅማ ተቀምጠን፣ ዛሬ ደግሞ በቆጮ ላይ ስንፈርድ ያሳዝነኛል። ቆጮ ከእንሰት የሚሠራ የዕፅዋት ምግብ ነው፤ ጾም እንኳ አይገድፍም። እናቶቹ ምኑን ተጸይፈው ተነሡ? ሐዘንተኛ ያቀረበውን መግፋት በእኛስ ባህል ምን ያህል ያስቀይማል?

ስለ ጦርና ጋሻውም አንድ ነገር ልጠይቅ። በቀድሞው ጊዜ በሰሜኑ ሀገር የባለማዕረግ ሰው ለቅሶ ላይ ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻና ጠመንጃው ተይዞ አልነበረምን? ይፎከርና ይሸለል አልነበረምን? ሙሾ አውራጇ ስታወርድ ሴቶቻችን ደረታቸውን ሲደቁ፣ ፊታቸውን ሲነጩ አላየንምን? ይህን ግን «የክርስቲያን ለቅሶ አይደለም» ሲሉ አልሰማንም፤ የእኛ ስለሆነ። እግዚአብሔር ግን በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ላይ በግልጽ «ስለ ሞተውም ሥጋችሁን አትንጩ» ብሏል። ቅዱስ ጳውሎስም የተሰሎንቄ ምእመናንን «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች እንዳታዝኑ» ብሎ ለመናቸው። የተጻፈ ትእዛዝ የተላለፈው የኛው ለቅሶ ሆኖ ሳለ የፈረድነው ባልተጻፈው በጎረቤታችን ከበሮ ላይ ነው። ከበሮ እኮ በቤተ መቅደሳችንም ይመታል!

ሐዋርያው ጴጥሮስም ከዚህ አላመለጠም። ከአሕዛብ ወገን ወደሆነው ወደ ቆርኔሌዎስ ቤት ከመሄዱ በፊት «እግዚአብሔር ያነጻውን አንተ አታርክሰው» የሚለው ድምፅ ሦስት ጊዜ ሊመጣለት ግድ ሆነ። ከጌታ እግር ሥር የተማረ ሰው ሦስት ጊዜ ከተነገረው፣ እኛ አንድ ጊዜ ተሰብኮልን ባይገባን አይገርምም፤ እንቢ ማለታችን ግን ያስፈራል። ከሁሉ ይልቅ ኢትዮጵያውያን ልንዘነጋው የማይገባን ግን ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ነው። ሙሴ ኢትዮጵያይቱን ስላገባ እኅቱ ማርያምና አሮን በእርሱ ላይ ተናገሩ። ያን ቀን ባዕድ ተብላ ስሟ የተነሣው የእኛ ልጅ ነበረች። እግዚአብሔርም ተቆጣ፤ ማርያም ለምጻም ሆነች፣ ሰባት ቀንም ከሰፈር ውጭ ተዘጋባት። በወንድምዎ ሚስት ላይ የሚያንሾካሽኩት እናቶች ይህን ምዕራፍ በእርጋታ ቢያነቡት እመኛለሁ።

ወደ ልጅዎ ልምጣ። አይቆጧት፤ የያዘችው ግማሽ እውነት ነው። ይህን አስተሳሰብ በማስፋፋት ስማቸው ከሚነሣው አንዱ ፍራንዝ ቦአስ፣ በ1883 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ወደ በረዶው የሰሜን ዋልታ አካባቢ ሄዶ ኢኑዊት ከሚባሉት ሕዝብ ጋር የኖረ ምሁር ነው። በዘመኑ የነጭ ሥልጣኔ ከላይ፣ የሌላው ሕዝብ ከታች ነው የሚለውን ትምህርት ተቃወመ፤ የአንድን ሕዝብ ልማድ ለመረዳት በዚያው ሕዝብ ኑሮ ውስጥ ሆኖ ማየት ይገባል አለ። ይህን መቀበል ለክርስቲያን አይከብደውም። ትችት ከመጀመሯ በፊት ጠይቃ መረዳቷን አመሰግንላታለሁ።

ነገር ግን «መጀመሪያ ተረዳ» ማለት ሌላ ነው፣ «ሁሉም ትክክል ነው» ማለት ሌላ። ጠለፋን ትውሰድ። ለስንት ዘመን «ባህላችን ነው» ሲባል ኖረ? ባህሉ የጠላፊው ብቻ ነውን? ተጠልፋ የምታለቅሰዋ ልጅም የዚያው ባህል ልጅ ናት፤ እርሷን ግን የጠየቃት የለም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጠላፊውን የሚቀጣው ተበዳይቱን አይቶ ነው። የሴት ልጅ ግርዛትም እንዲሁ። ሸክላ ሠሪውን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ቀጥቃጩን እንይ፤ በሰሜን «ቡዳ» ብለን ሸሸናቸው፤ በከፋም ማንጆ የሚባሉት ወገኖች ከማዕድና ከጋብቻ ሲገለሉ ኖረዋል። ልጅዎ እንዳለችው ከሆነ የሚገለለው ሰው ለማን አቤት ይላል? «ባህላቸው ነው» ብለን ካለፍነው ትተነዋል። ጌታችን «ቅን ፍርድ ፍረዱ እንጂ በመልክ አትፍረዱ» አለ እንጂ ፍርድ የሚባል ነገር አይኑር አላለም።

ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ሲሰበሰቡ ይኸው ጭንቅ ገጥሟቸው ነበር። ከአይሁድ ወገን የሆኑት አሕዛብ ክርስቲያን ለመሆን አስቀድመው የአይሁድን ልማድ ይልበሱ አሉ። ጉባኤው ይህን ቀንበር አልጫነም። ሁሉንም ደግሞ አልፈቀደም፤ ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ከታነቀ፣ ከዝሙት ይራቁ አለ። ቀሪውን ለየሀገሩ ተወው። የእኛም ሚዛን ይህ ይሁን። በለቅሶው ለጣዖት የሚቀርብ አለ? ለሙታን መንፈስ የሚታረድ አለ? ሰው ይበደልበታል? እነዚህ ካሉ ስሕተት ነው፤ በዳውሮም ይሁን በጎንደር። ከሌሉ ዲንካው የሐዘናቸው ድምፅ ነው፤ ጦርና ጋሻውም ለሟቹ የሚሰጡት ክብር።

አርባው ላይ ሲደርሱ ከወንድምዎ ሚስት አጠገብ ይቀመጡ። የሥርዓቱን ትርጉም ከእናቷ ይጠይቁ፤ ሐዘንተኛ ስለ ሟቹ ሲጠየቅ አይከፋም። ልጅዎንም ይዘዋት ይሂዱ፤ ኮርሷን በዓይኗ ታየዋለች። የሚያጠራጥርዎ ነገር ካዩ እዚያው አይተቹ፤ ቤተሰቡ የንስሐ አባት ስላላቸው ለብቻ አግኝተው ይጠይቋቸው። እዚያው ከሕዝቡ ጋር የሚኖሩ ካህን ናቸውና፣ ከእኔ የተሻለ መልስ ይሰጡዎታል።