ከኮርቻው ላይ የሚታየው

ውድ ልጆቼ፣

«ሳይክል መንዳት እወዳለሁ፣ የሕዝብ ጤና ላይም መሥራት እፈልጋለሁ፤ ሁለቱን እንዴት ላገናኛቸው?» እያላችሁ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሁለቱ ተለያይተውብኝ አያውቁምና ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሥራ የጀመርኩት ባሕር ዳር አካባቢ ነው። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ ተማሪውም ሠራተኛውም ሳይክሉን ይዞ ይወጣል። ለክትባት መኪና ሲጠፋ ሳጥኑን ከኋላ መጫኛው ላይ በጎማ ገመድ ጠፍሬ ወደ ገጠር ቀበሌ እሄድ ነበር። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበትና በረዶው ሳይቀልጥ መድረስ ግድ ነው። አንድ ቀን በጣም ዘገየሁ። ዛፍ ሥር ከጠበቁኝ እናቶች አንዷ ልጇን እንዳዘለች ሳጥኑን በመዳፏ ነካ አድርጋ «ተመስገን፣ ገና ቀዝቃዛ ነው» አለች። እግሯ እስከ ባቷ ድረስ አቧራ ለብሷል። እኔ በሳይክል ያማረረኝን ዳገት እሷ ልጅ አዝላ በእግሯ ወጥታዋለች። ርቀት ሰውን ከሕክምና እንደሚያስቀር ከዚያ በፊት በመጽሐፍ አንብቤ ነበር፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። ዛምቢያ ውስጥ የኤችአይቪ ሕሙማንን ቤት ለቤት ለሚንከባከቡ በጎ ፈቃደኞች ከ20,000 በላይ ብስክሌት የታደለውም ለዚሁ ነው።

አሁን ስለ ስህተቴ። አንድ ጊዜ ጓደኞቼን አሰባስቤ «ለጤና እንንዳ» የሚል ጉዞ አዘጋጀሁ። አንድ ዓይነት ቲሸርት ለበስን፣ ንግግር ተደረገ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ወደየቤታችን ገባን። ከማን ምን እንደምንፈልግ አልተናገርንም፤ ምንም አላገኘንም። ያ ድካም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 የሆኑትን ከማንኛውም በሽታ በላይ የሚገድለው ይኸው አደጋ ነው። እናንተው ናችሁ ማለት ነው! ይህን ቁጥር ለባለሥልጣን ብታነቡለት ራሱን ይነቀንቅና ያልፋል። ስለዚህ በሁለተኛው ሙከራችን ሌላ መንገድ ያዝን። አንድ ትምህርት ቤት የሚያደርሰውን ጎዳና መረጥን። ጠዋት ጠዋት እየነዳን ተማሪዎች ከእግረኛ መንገዱ ወርደው ከመኪና ጋር የሚጋፉት የት የት እንደሆነ በደብተር መዘገብን። የተከፈተ ቱቦ፣ የቆመ ሲኖትራክ፣ የተከመረ አሸዋ፤ ሁሉንም ከነቦታው ጻፍን። ከዚያ በአንድ ገጽ አሳጥረን ውሳኔው በእጁ ላለ ኃላፊ አስገባን፤ የጠየቅነውም ቱቦዎቹ እንዲከደኑና ዳር ዳሩ ላይ የሲሚንቶ ምሰሶ እንዲተከል ብቻ ነው።

በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው»፣ እሑድ ጎዳናው ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛና ለሳይክል የሚለቀቅበት ዝግጅት፣ ሲጀመር ሕፃናት በአዲስ አበባ ሰፊ ጎዳና መሐል ሳይክል ሲነዱ አይቼ እንባዬ መጥቷል። ግን እሱ እሑድ ነው። ልጆቹ ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት መሄድ አለባቸው። እናንተ የምትወዱትን ሳይክል ይዛችሁ ሰኞ ጠዋት ውጡልኝ፤ ደብተርም ያዙ።

የእኛን ወረቀት ሁለት ዓመት ተመላልሰንበታል። ቱቦዎቹ ተከድነዋል፤ ምሰሶው ግን የተተከለው በቀኙ በኩል ብቻ ነው። የግራውን ለመጠየቅ በየዓመቱ ግንቦት 26፣ የዓለም ብስክሌት ቀን በሚከበርበት ዕለት፣ ያንኑ አንድ ገጽ አድሰን በሳይክል ወስደን እናስገባለን።