ጥያቄና መልስ፦ «እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሰርጀሪን ልተወው?»

ሰላም ጎበዞች። ጥያቄ ተከምሮብኛል፣ ከባህር ዳር ከማርቆስ ከሞጣ ከእንጅባራ፣ ኢንተርን (የመጨረሻ አመት የህክምና ተማሪ) አለ ጂፒ (ጠቅላላ ሀኪም) አለ ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ እየተማረ ያለ ሀኪም) አለ፣ አንዷ ደሞ ገና አስራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ ብላለች (አንቺ መጀመሪያ ፈተናውን እለፊ፣ ስለ ሰርጀሪ በኋላ እናወራለን)። ዛሬ ዲዩቲ (ተረኝነት) ስለሌለኝ ቡናዬን ይዤ የቻልኩትን ልመልስ።

«ዶክተር እጄ ይንቀጠቀጣል። ኢንተርን እያለሁ ቁስል ስሰፋ ሲኒየሩ አየኝና ‹አንተ እንኳን ኢንተርናል ሜዲሲን ይሻልሃል› አለ፣ ሁሉም ሳቀ። ልተወው?» (ጂፒ፣ ደብረ ማርቆስ)

ኧረ በጭራሽ! ጨርሶ የማይንቀጠቀጥ እጅ እኮ የለም፣ የሁላችንም ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ማጣት ባዶ ሆድ ሶስት ስኒ ቡና እና ከጀርባ የቆመ ሲኒየር ሲጨመርበት ደሞ ያው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። የለመዱት ሰዎች እጃቸውን የት እንደሚያሳርፉ ነው ሚያውቁት። ክርንህን ወደ ጎንህ ሰብሰብ አርገው፣ ትንሿን ጣትህን ወይ የእጅህን አንጓ ታካሚው ላይ አሳርፍ፣ ኒድል ሆልደሩን (የመርፌ መያዣውን) እንደ መጥረቢያ አትጨብጠው፣ ጠዋት ቁርስ ብላ። በስድስት ወር ራስህ ትስቃለህ። ግን ዝምብለህ ቁጭ ባልክበት ሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ልብህም ቶሎ ቶሎ ሚመታ ኪሎህም ሚቀንስ ከሆነ ታይሮይድህን ታየው፣ እንቅርት በሞላበት አገር የሰው አንገት ስንነካ እየዋልን የራሳችንን እንረሳለን።

ሲኒየሩን ተወው፣ እሱም ድሮ አንድ ሰው ስቆበት ነው።

«ያለሁት ወረዳ ሆስፒታል ነው፣ ሲሙሌሽን ላብ (መለማመጃ ክፍል) ምናምን የለም። ኖት (የስፌት ቋጠሮ) ማሰር የት ልለማመድ?» (ጂፒ፣ ምስራቅ ጎጃም)

የቅኔ አገር ተቀምጠህ ይሄን ትጠይቃለህ እንዴ? የዋሸራ የዲማ ተማሪ ቅኔ ሲቆጥር (በሃሳቡ ሲያዘጋጅ) የት ነው ሚሄደው፣ ዛፍ ስር ነው፣ ብቻውን ሲያጉረመርም ይውልና ማታ አስነጋሪው ወይ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ ከተበላሸ ይታረማል፣ በነጋታው ተመልሶ ዛፉ ስር። ኦአር (ኦፕሬሽን ክፍል) ማለት ነገራው ነው። ቆጠራውን ቤትህ ሳትጨርስ ኦአር ገብተህ ኖት ልማር ካልክ የሲኒየሩንም የታካሚውንም ሰዓት ነው ምትበላው።

ጊዜው ያለፈበት ሲልክ (የስፌት ክር) ከኦአር ሲስተሮች ለምነህ ውሰድ (ለታካሚ ማይውል ስለሆነ አይከለክሉህም)፣ አልጋህ እግር ላይ እሰር። መጀመሪያ በሁለት እጅ፣ ከዛ በአንድ እጅ፣ ከዛ በማይመችህ እጅ፣ ከዛ ጓንት አርገህ፣ ከዛ ጓንቱን አርጥበህ። ቋጠሮው ጠፍጣፋ ሆኖ ካልተቀመጠና ሚንሸራተት ከሆነ እጅህን አላቀያየርክም ማለት ነው። በዓል ሲሆን ደሞ የበጉን አንጀት ተቀበል፣ አጥበህ ቁረጠውና መልሰህ ስፋው፣ ከዛ አንዱን ጫፍ ይዘህ ውሃ ሙላበት፣ የት ጋ እንደሚያፈስ ራሱ ይነግርሃል፣ ከዚህ የተሻለ ፈታኝ አላውቅም። እናቴ አንድ ፋሲካ ለዱለት ያስቀመጠችው አንጀት ጠረጴዛዬ ላይ በጥቁር ክር ተሰፍቶ ስታገኘው ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም። ለላፓሮስኮፒም (በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ ለሚሰራ ኦፕሬሽን) ካርቶን ብሳና ስልክህን ካሜራ አርገው፣ ብዙ ሰው የጀመረው እንደዛ ነው።

«ሁለተኛ አመት ሬዚደንት ነኝ፣ የቴሲስ ርዕስ ጠፋኝ፣ ሁሉም ነገር ተሰርቷል። ሳምፕል ሳይዝህ (የናሙናህ ብዛት) ደሞ 423 ይሁን ይሉኛል፣ እኔ ያን ያህል ኬዝ ከየት አመጣለሁ?» (ባህር ዳር)

423! ይቺ ቁጥር እኮ የአገራችን ቴሲስ መታወቂያ ሆናለች። ከየት እንደመጣች ማንም አይነግርህም፣ እኔ ልንገርህ። ስለ ጉዳዩ ቀድሞ የተሰራ ነገር የለም ብለህ መጠኑን (ችግሩ ያለበትን ሰው ድርሻ) 50 ፐርሰንት ትገምታለህ፣ ስህተቱን 5 ፐርሰንት፣ ኮንፊደንሱን (የእርግጠኝነት ደረጃውን) 95 ፐርሰንት ታረጋለህ፣ 384 ይመጣልሃል፣ ላይ 10 ፐርሰንት መልስ ላይሰጥ ይችላል ብለህ ስትጨምር 423 ሆነች። በቃ ይሄው ነው። ቤት ለቤት ለሚሰራ ሰርቬይ ጥሩ ነው። አንተ ጋ በሶስት አመት የገባው ኬዝ ለምሳሌ 120 ከሆነ ግን 120ውንም ውሰድ፣ ሁሉንም ከወሰድክ ናሙና እንዴት መረጥክ ብሎ ሚጠይቅህ የለም። ውጤትህን ስትጽፍ ቁጥሩ ትንሽ መሆኑን በግልጽ ተናገር፣ ከዛ ውጪ ማፈር የለብህም።

ሁሉም ተሰርቷል ያልከው ላይ ግን አልስማማም። ማታ ሶስት ሰዓት ላይ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ከገጠር ሚመጣውን ገበሬ አስበው፣ ሶስት ቀን አየር አልወጣለትም፣ ኤክስሬዩ ላይ ያቺ ትልቅ የቡና ፍሬ ቁጭ ብላለች። ሲግሞይድ ቮልቩለስ፣ ሲግሞይድ ሚባለው የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል ተጠማዞ ማለት ነው። የኛ ደጋ ሰው ሲግሞይድ ረዥም ነው ስሩ ደሞ ጠባብ፣ ስለዚ ይጠመዘዛል። ስንት ሰው እንደመጣ ስንት ሰው እንደሞተ ብዙ ሰው ጽፏል። ከዛ በኋላስ? በቱቦ ተንፍሶለት ደህና ነኝ ብሎ ቀጠሮውን ትቶ ከሄደው ስንቱ ተጠማዞ ተመለሰ (መተንፈስ ብቻውን መፍትሄ እንዳልሆነ፣ ብዙ ጊዜ እንደሚመለስ መቼም ታውቃለህ)? አንጀቱ በስብሶ ሃርትማን (የበሰበሰውን ቆርጦ የአንጀቱን ጫፍ ሆድ ላይ ማውጣት) ከተሰራለት ውስጥስ ስንቱ ኮሎስቶሚውን (ሆዱ ላይ የወጣውን አንጀት) ለማዘጋት መጣ፣ ከስንት ወር በኋላ፣ ያልመጣውስ ለምን ቀረ፣ የሰገራ መቀበያ ከረጢት በማይገኝበት ቀበሌ በምን ሸፍኖ ነው ሚያርሰው፣ ቤተ ክርስቲያን ይገባል ወይ፣ ሚስቱ ምን አለች? ይሄን ሄደህ ጠይቀህ ጻፍልኝና ርዕስ ጠፋ በለኝ።

ወጌሻም አለልህ። የተሰበረ እጁን በቀርከሃ አጥብቀው አስረውለት ጣቱ ጠቁሮ ሚመጣውን ህጻን ሁላችንም አይተነዋል፣ ወጌሻውን ከመራገም በፊት ቤተሰቡ ለምን መጀመሪያ እሱ ጋ እንደሄደ ማወቅ አይሻልም?

ዳታ አሰባሰቡ ላይ ግን አንድ ነገር። ሪትሮስፔክቲቭ (ከድሮ ካርድ ላይ መሰብሰብ) ይቀላል ብለህ ካርድ ክፍል አትግባ። እኔ ገብቼ ነበር፣ የት ሆስፒታል እንደሆነ ይቅር። ከዝርዝሩ ላይ ያለውን ካርድ ስንፈልግ ገሚሱ የለም፣ የተገኘውም ኦፕሬሽን ኖቱ (የኦፕሬሽን ማስታወሻው) «ላፓራቶሚ ተሰራ፣ ታካሚው ደህና ነው» ይላል፣ አንጀቱ ደህና ነበር ወይስ በስብሶ፣ ስንት ሴንቲ ተቆረጠ፣ ማን ሰራው፣ ምንም። በንዴት ማነው ይሄን የጻፈው ብዬ ፊርማውን ሳይ የራሴ ነው። ከዛ ቀን ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ደብተር አለ፣ የሰራሁትንም ያገዝኩትንም እጽፋለሁ፣ በ30ኛው ቀን ምን እንደሆነ ደሞ ከጎኑ (የታካሚ ስም አልጽፍም፣ የካርድ ቁጥር ብቻ)። አንተም ከአሁን ጀምረህ ወደፊት ተከታተላቸው። ስልክ ሁለት ተቀበል፣ የራሱንና ከተማ ያለ ዘመዱን፣ ምክንያቱም የሱ ኔትወርክ የለውም ወይ ቻርጅ የለውም። ቀበሌውንና ጎጡን ጻፍ። ቀጠሮውን ህዳርና ታህሳስ ላይ ካረግከው አጨዳና ውቂያ ላይ ነው አይመጣም፣ አልመጣም ብለህ ጠፍቷል ስትል አንተ ነህ የጠፋኸው። ፎርሙን ኮቦ (ዳታ መሰብሰቢያ ሶፍትዌር) ላይ ስራው ነጻ ነው። የኤቲክስ (የጥናት ስነምግባር) ፈቃድ ደሞ ካርድ ብቻ ብታይም ያስፈልግሃል፣ ዳታ ከሰበሰብክ በኋላ ሚገኝ ፈቃድ የለም።

«አንድ ጆርናል በኢሜል ጽሁፍህን በሶስት ቀን እናወጣለን 300 ዶላር ላክ አለኝ፣ ልላክ?» (ሬዚደንት)

አትላክ። በሶስት ቀን ማንም አላነበበውም ማለት ነው። አገራችን ውስጥ ከ1962 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ሚወጣ የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል አለ፣ ጥሩ ጥሩ የውጪዎቹም ከኢትዮጵያ ለሚጽፍ ክፍያ ይምራሉ ወይ ይቀንሳሉ፣ ጠይቃቸው። ለማንበብ ደሞ በግቢህ በኩል ሂናሪ (የህክምና ጆርናሎች ማንበቢያ) በነጻ አለልህ፣ ጽሁፍ ተቆልፎብኛል እያልክ አታልቅስ።

«ሰርጀሪ ማች ሆነልኝ (ለስፔሻሊቲ ተመደብኩ)፣ ቤተሰብ ግን ‹የሴት ስራ አይደለም፣ ትዳርሽስ› እያሉ አስጨነቁኝ» (ዳንግላ)

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! ለቤተሰብሽ የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን ታሪክ ንገሪያቸው። ራሳቸው በወሊድ ተጎድተው የፊስቱላ ታካሚ ሆነው ነው ሆስፒታል የገቡት፣ ትምህርት ቤት የገቡ ሰው አልነበሩም፣ እዛው ቀርተው አልጋ ከማንጠፍ ጀምረው መሳሪያ እያቀበሉ እያገዙ ኦፕሬሽኑን ተምረው ዶክተሮችን እስከማሰልጠን ደረሱ፣ በ1989 እንደ ፈረንጆቹ የለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሰርጅንስ ሜዳሊያ አግኝተዋል። ግን ቀላል ነው ብዬ አልዋሽሽም፣ የዲዩቲው ብዛት ለወንዱም ትዳር አይመችም፣ ልዩነቱ እሱን ማንም አለመጠየቁ ነው። ከመጀመርሽ በፊት ከፊትሽ ያሉ ሴት ሬዚደንቶችን አግኚና እርግዝናን ዲዩቲን እንዴት እንዳደረጉት ጠይቂ፣ ከኔ የተሻለ ያውቁታል። ኦርቶ (የአጥንት ክፍል) ሮቴሽን ላይ እርጉዝ ከሆንሽ ሲአርም (የኦአር ኤክስሬይ ማሽኑ) ሲበራ ሊድ (የጨረር መከላከያ ልብስ) ሳትለብሺ እንዳትቆሚ፣ ከተቻለም ውጪ።

«መርፌ ወጋኝ፣ ለማን ልናገር አፈርኩ። አራት ቀን ሆነኝ» (ኢንተርን)

ይሄን ሳነብ ተናደድኩ፣ ባንተ ሳይሆን በሚያሳፍሩህ። አሁኑኑ ሂድና ተመርመር። ሌላው ሁሉ ደሞ ይስማ፣ ሲወጋችሁ ወዲያው በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፣ አትጨምቁት፣ አሳውቁ። የኤችአይቪ መከላከያው በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ነው ሚመረጠው፣ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም፣ 28 ቀን ነው ሚወሰደው። ካለበት ሰው መርፌ ኤችአይቪ ሚተላለፈው ከሺ ሶስት አካባቢ ነው፣ ሄፓታይተስ ቢ ግን ላልተከተበ ሰው ከመቶ እስከ 30 ይደርሳል። ክትባቱ ሶስት መርፌ ነው፣ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። ሳይከተቡ ሰርጀሪ ዋርድ መግባት ጀግንነት አይደለም።

«ቼክሊስቱ (የአለም ጤና ድርጅት የኦፕሬሽን ማረጋገጫ ዝርዝር) ጊዜ ማባከን አይመስልህም? ሁሉም ዝምብሎ ቲክ ነው ሚያረገው» (አራተኛ አመት ሬዚደንት)

ዝምብለህ ቲክ ካረግከውማ አዎ። እኔ ሬዚደንት እያለሁ የግራ ሄርኒያ ያለበትን ሰውዬ ቀኙን አጥቤ ድሬፕ አርጌ (በጨርቅ ሸፍኜ) ምላጭ ስጡኝ ብያለሁ፣ ስክራብ ሲስተሯ (መሳሪያ ምታቀብለው ነርስ) ምላጩን ሳትሰጠኝ «ዶክተር ወረቀቱ ግራ ነው ሚለው» አለችኝ። ዛሬም ሳስበው ያልበኛል። 19 ነጥብ ነው ያለው፣ ሁለት ደቂቃ። በ2009 እንደ ፈረንጆቹ በወጣው ጥናት በስምንት ሆስፒታል ሲሞከር (አንዱ ታንዛኒያ ገጠር ነው) ሞት ከ1.5 ፐርሰንት ወደ 0.8፣ ኮምፕሊኬሽን ከ11 ወደ 7 ወርዷል። ጮክ ብለህ አንብበው፣ አኔስቴዢያውም ሲስተሯም ይስሙት።

«ግራኝ ነኝ፣ ሁሉም በቀኝ ልመድ ይለኛል» (ኢንተርን፣ ፍኖተ ሰላም)

በግራህ ስራ፣ ቀኝህንም አስለምድ፣ ሁለቱም ያስፈልጉሃል። መቀሱም የኒድል ሆልደሩ መቆለፊያም ለቀኝ እጅ ነው የተሰራው፣ ስለዚ ስትከፍተው በአውራ ጣትህ ገፋ ማድረጉን ትተህ ወደ ራስህ ሳብ እያረግክ ተለማመድ፣ አንድ ሳምንት ያስቸግርሃል። ከመታጠብህ በፊት ደሞ ለስክራብ ሲስተሯ ግራኝ ነኝ ብለህ ንገራት፣ መርፌውን ገልብጣ አስራ ነው ምትሰጥህ፣ አለዛ በየስፌቱ ስታዞር ትውላለህ።